ያልበላሁትን ዕዳ ክፈይ ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። 29 ዓመቴ ነው። ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ አንድ ሰው በተለያየ ስልክ እየደወለ የአክስቴ ልጅ ባል ከወሰደው ብድር 240,000 ብር እንደቀረ፣ እኔም ዋሱ እንደሆንኩ ይነግረኛል። እኔ የብድር ዋስ ሆኜ ፈርሜ አላውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ሰውየው ሹፌር ሆኖ ሊቀጠር ነው ብለውኝ የቀበሌ መታወቂያዬን ኮፒና የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ስልኩ ዝግ ነው፣ ከተማ ውስጥም የለም። ደዋዩ ለሥራ አስኪያጄ ደውሎ ደመወዜን እንደሚያስቆርጥ ተናግሯል። ፖሊስ ይዤ እመጣለሁም ይላል። በዚያ ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ‹ግማሹን ክፈይና ነገሩ ይብረድ› እያለኝ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤቷ እንዳይፈርስም እፈራለሁ። ልክፈል ወይስ ዝም ልበል? ይርዱኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ከጻፍሽው ውስጥ አንቺን ባለዕዳ የሚያደርግ ነገር እስካሁን አላየሁም። ያየሁት የስልክ ጥሪ ነው። ስለዚህ አሁን ባለው ሁኔታ አንድም ብር እንዳትከፍዪ። ማንም በሚያመጣልሽ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። ዝም ብለሽም እንዳትቀመጪ። ለምን እንደምል ላስረዳሽ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ከመጀመሪያው ጥሪ ጀምሮ ስታስረጂ የከረምሽ ይመስለኛል። «እኔ አይደለሁም፣ መታወቂያውን የሰጠሁት ለሥራ ብሎኝ ነው፣ እሱን ጠይቁት» ብለሽዋል። ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው፤ ንጽሕናውን ለማሳየት ይጣደፋል። ሕጉ ግን ይህንን ሸክም አንቺ ላይ አልጫነም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። አንቺ ባስረዳሽ ቁጥር ሰውየው መረጃ ያገኛል። የት እንደምትሠሪ፣ ማንን እንደምትፈሪ፣ ለባልየው ምን እንደሰጠሽው ከአንደበትሽ ይሰማል። ነገ ደግሞ «አምናለች» ብሎ ሊያቀርብብሽ ይችላል።

ቀጥሎ ደዋዩ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። በጻፍሽው ውስጥ የአበዳሪ ስም የለም። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። ብድር አስመላሽ ነኝ የሚል ሰው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የአበዳሪው የብድር ክትትል ሠራተኛ ነው፤ ቢሮ አለው፣ የሥራ መታወቂያ አለው፣ አለቃ አለው። ሌላው ጠበቃ ወይም የውክልና ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። ሌላው ደግሞ በአራጣ የሚያበድር ግለሰብ የላከው ጎረምሳ ይሆናል። ስልክሽን ከሆነ ቦታ ያገኘ አጭበርባሪም ሊሆን ይችላል። «በዚህ ቁጥር በቴሌብር ላኪ» ካለሽ ወይም ስልክሽ ላይ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር ንገሪኝ ካለሽ፣ ይህ የመጨረሻው ዓይነት ነው። ወዲያው ዝጊው።

በሚቀጥለው ጥሪ አትጨቃጨቂ። «ስምህን፣ የምትሠራበትን ተቋምና ቅርንጫፍ፣ የብድር ውሉን ቁጥርና ቀን ንገረኝ። ዋስ ሆነሽ ፈርመሻል የተባለበትን ውል ኮፒ በጽሑፍ ስጡኝ። በስልክ ሌላ የምለው የለኝም» በይው። ከዚያ ስልኩን ዝጊ። የተቋሙን ስም ከነገረሽ እሱ በሰጠሽ ቁጥር እንዳትደውዪ። በአካል ወደ ቅርንጫፉ ሂጂና እውነት የእነሱ ሰው መሆኑን፣ በዚያ ሰው ስም ብድር መኖሩንና ያንቺ ስም በዋስነት መመዝገቡን ጠይቂ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰዎች በፍርሃት ሳምንታት የሚያሳልፉት ይህቺን መንገድ ሳይሄዱ ነው።

ስትሄጂ ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ። ረጅም አያስፈልግም። እንዲህ ብትጽፊ ይበቃል፦

«ለ........ ባሕር ዳር ........ ቅርንጫፍ። ጉዳዩ፦ ያልፈረምሁትን የብድር ዋስትና ይመለከታል። በአቶ ........ ስም ለተወሰደ ብድር ዋስ ነሽ በሚል ከ........ ቀን ጀምሮ በስልክ ክፍያ እየተጠየቅሁ ነው። የብድር ዋስትና ውል አልፈረምሁም። ዕዳውንም አልቀበልም። አለ የሚባለው የብድርና የዋስትና ውል ከነአባሪዎቹ ኮፒው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር የሚደረግ ግንኙነት በጽሑፍ እንዲሆንና ለመሥሪያ ቤቴ፣ ለዘመዶቼ መደወል እንዲቆም አሳስባለሁ።»

ደብዳቤው ውስጥ ስለ መታወቂያው ኮፒ፣ ስለ ዘመዳችሁ ጠባይ፣ ስለ ንዴትሽ ምንም አትጻፊ። በሁለት ቅጂ አዘጋጂው። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በሌላው ላይ «ደርሷል» ብለው ማህተም፣ ቀንና ፊርማ እንዲያደርጉበት ጠይቂ። አንቀበልም ካሉሽ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። አበዳሪው ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ከሆነ የደንበኛ ቅሬታ የሚቀበልበት አሠራር እንዲኖረው ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ያስገድደዋል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ዝም ካለሽ ቅሬታሽን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ መውሰድ ትችያለሽ።

ኮፒውን ሰጡሽ እንበል። ብዙ ሰው ውል ሲደርሰው የሚያየው ፊርማውን ብቻ ነው። ከፊርማው ሌላ የሚታይ ብዙ ነገር አለ።

ዋስትና በግምት አይመጣም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ የተነገረ መሆን አለበት፣ ከተገባበት ወሰንም አያልፍም ይላል። ይህ ያንቺን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። ምናልባት ያኔ ለሥራ ቅጥር የሚሆን ቅጽ አስፈርሞሽ ረስተሽው ከሆነ እንኳ፣ ለሥራ የተፈረመ ዋስትና ተለጥጦ የብድር ዋስትና አይሆንም። ሌላም አለ። ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ በውሉ ላይ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ መጀመሪያ የገንዘቡን መጠን ፈልጊ። ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ወይም በሌላ እጅ ጽሑፍና በሌላ ቀለም የተሞላ ከመሰለሽ፣ ለጠበቃ የምታሳዪው የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን። ዋናው ውል ላይ እንጂ ኮፒ ላይ ቀለም አይለይምና ዋናውን ለማየት ጠይቂ።

«በቃል ዋስ ሆናለች፣ ባልየው ነግሮናል» የሚል ነገር ካመጡም አትደንግጪ። በቁጥር 1725 መሠረት የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ደግሞ በቁጥር 1727 መሠረት የሚገደዱት ሰዎች ሁሉ የፈረሙበትና በሁለት ምስክሮች የተረጋገጠ መሆን አለበት። ብድሩ ራሱም ቢሆን ከ500 ብር በላይ ከሆነ በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም፤ ይህ ቁጥር 2472 ነው። የምስክሮቹን ስም አንብቢ። ታውቂያቸዋለሽ? የባልየው ጓደኞች ናቸው? ውሉ የተፈረመበትን ቀንም ተመልከቺ። ፈርማለች በተባለበት ቀንና ሰዓት ሥራ ላይ ከነበርሽ የሆቴሉ የመግቢያና የመውጫ ፊርማ ማስረጃሽ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሽ ያን ቀን የሠራሽው ሰነድም ይኖራል።

እዚህ ላይ ስለ አሻራ አንድ ነገር ልበል። አንቺን አይመለከትም፤ ይህንን የሚያነቡ የብዙ ሰዎች እናትና አባት ግን ይመለከታቸዋል። ከዘጌም ይሁን ከሌላው የጣና ዳር ቀበሌ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎች «እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያኑሩ» ተብለው ዋስ ሆነው ይገኛሉ። ቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም አሻራ ሥልጣን ባለው ሹም፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። እናታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ውል ከመጣ መጀመሪያ የማረጋገጫውን ማህተም ፈልጉ። እዚህ ላይ የሚሠራው በደል በጣም ያሳዝነኛል። ለከብት ማድለቢያ ነው ተብለው አሻራ ያኖሩ ሰዎች መሬታችን ሊሄድ ነው ብለው እንቅልፍ ያጣሉ።

ወደ አንቺ ልመለስ። የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤው ከምታስቢው በላይ ይጠቅምሻል። ከሆቴሉ የሰው ኃይል ክፍል ቀሪውን ቅጂ አስወጪ። ለማን ተብሎ ነው የተጻፈው? «ለሥራ ቅጥር ዋስትና» የሚል ካለበት ታሪክሽን በወረቀት ይደግፍልሻል። ስሙ የተጠቀሰ ቀጣሪ ካለም እንደዚያው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ከሆነ ይህን ያህል አይረዳሽም፤ በራሱ ግን ዋስ አያደርግሽም። ደመወዝሽ ስንት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ዕዳ እከፍላለሁ አይልም። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ፤ ሆቴሉ «ካልከፈለች ከደመወዟ ቆርጠን ገቢ እናደርጋለን» የሚል ቃል ጽፎበት እንደሆነ። ብዙ አበዳሪዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ቢጻፍ እንኳ ያንቺ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለበት በዚያ ብቻ ደመወዝሽ አይቆረጥም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይል ነገር ልጠይቅሽ። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርመሽ ታውቂያለሽ? ቅጹን ሳታነቢ የፈረምሽው ነገር አለ? ካለ ለጠበቃሽ ዛሬውኑ ንገሪ። «ዕዳው የኔ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ሳያውቁት ዕዳ ውስጥ ገብተው ይገኛሉ። በክልላችን የቡድን ብድር ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የድሮው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ገበሬውንና ትንሹን ነጋዴ በአብዛኛው ያበደረው በዚህ መንገድ ነው። በቡድን ብድር አባላቱ እርስ በርስ ዋስ ናቸው። ጓደኛሽ ሳትከፍል ብትጠፋ አንቺም ትጠየቂያለሽ። ቤቱን ለሌላ ሰው ብድር መያዣ የሰጠ ሰውም «እኔ አልተበደርኩም» ብሎ አያመልጥም። እንዲያውም በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ መያዣውን ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው የምሰጠው ምክር ሌላ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በደረሰበት ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይሂድ።

ውሉ ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ካልሆነ ጉዳዩ ከዕዳ አልፎ ወንጀል ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ተዘጋጅቷል፣ ጥቅም ላይም ውሏል። ለፖሊስ አመልክቺ። ለአበዳሪውም በጽሑፍ አሳውቂ፤ ፊርማው የኔ አይደለም ብለሽ። ክስ ከመጣ ፊርማው በፎረንሲክ እንዲመረመር ፍርድ ቤቱን ትጠይቂያለሽ። ለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የፈረምሽባቸው ሰነዶች ያስፈልጋሉ። የሥራ ውልሽ፣ ባንክ ሒሳብ ስትከፍቺ የሞላሽው ቅጽ፣ የደመወዝ መክፈያ ላይ ያኖርሽው ፊርማ ጥሩ ናቸው። ከአሁኑ የት እንዳሉ እወቂ። አደራሽን ደግሞ ፊርማሽን አሁን እንዳትቀይሪ። ፈርተው ፊርማ የሚቀይሩ ሰዎች ነገሩን ያበላሹታል።

የደዋዩን ዛቻ ልመልስልሽ። ደመወዝ አስቆርጣለሁ ብሏል። አንድ ደዋይ ተነስቶ የማንንም ደመወዝ አያስቆርጥም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆርጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድለት፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው ይላል። ያኔም ቢሆን ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም። ይህን አንቀጽ ለሥራ አስኪያጅሽ አሳዪያቸው። ያስገባሽውን ደብዳቤ ቅጂም ስጪያቸው። አለቃሽ ከደዋዩ ይልቅ ካንቺ ቀድመው መስማት አለባቸው። በኀፍረት ዝም ካልሽ የደዋዩ ታሪክ ብቻውን ይቀራል።

ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ዕዳ ማስከፈል የፖሊስ ሥራ አይደለም። ብድር አለመክፈል በራሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወይም ማታለል ግን ወንጀል ነው። ሰውየው «አታለለችኝ» ብሎ አመልክቶ ፖሊስ በመጥሪያ ከጠራሽ ሂጂ፣ አትቅሪ። ከተቻለ ከጠበቃ ጋር ሂጂ። ማንበብ ሳትጨርሺ የሰጠሽው ቃል ላይ እንዳትፈርሚ። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ይዞ ቤትሽ መጥቶ «አሁኑኑ ክፈይ» ካለሽ ግን የፖሊሱን ስምና ጣቢያ ጠይቂና ወደ ጣቢያው ኃላፊ አቤት በይ። ደዋዩ ራሱ ጉዳት አደርስብሻለሁ እያለ የሚያስፈራራሽ ከሆነም ማስፈራራት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 580 የሚያስጠይቅ ነው። መልእክቶቹን አታጥፊ። ስክሪንሾት አንሺ። የደወለበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥርና ያለውን ቃል ደብተር ላይ ጻፊ።

ከዛቻው ሁሉ የሚጎዳሽ ግን የይሉኝታው ነው። ለዘመድ ይደውላሉ፣ ለዕድር ዳኛው እንነግራለን ይላሉ፣ ሰፈር መጥተው በር ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት በቂ ማስረጃ ያላቸው ሰዎች ይህን ያህል አይደክሙም፤ ክስ መመሥረት ይቀላቸዋል። የሚያስጮኻቸው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ስለማይበቃቸው ነው። እናም ንጹሕ ሰው ለስሙ ብሎ ሲከፍል ማየት ያንገበግበኛል። ዕድሩንም ዘመዱንም ቀድመሽ አንቺው ንገሪ። «እንዲህ የሚል ሰው ይደውላል፣ ውል አሳየኝ ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ አላሳየኝም» በያቸው።

ዘመዶችሽ «ግማሹን ክፈይ» የሚሉት ለክፋት አይደለም። ሽማግሌ ጠብን በመካከል ቦታ ማብረድ ለምዷል። ለድንበር ጠብ፣ ለባልና ሚስት ጭቅጭቅ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። እዚህ ግን አደገኛ ነው። ከምንም ዕዳ ግማሹ 120,000 ብር አይሆንም። ከሽማግሌ ፊት ተቀምጠሽ «በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብለሽ ከፈረምሽ፣ ያ ወረቀት ራሱን የቻለ አዲስ ውል ነው። ትላንት ዋስትናውን ማስረዳት ያቃተው ሰው ዛሬ ባንቺ ፊርማ ማስረጃ ያገኛል። ከዚያ በኋላ «የድሮውን አልፈረምኩም» ብትዪ ብዙም አይረዳሽም። ትንሽ ገንዘብ መክፈልም እንደዚያው ነው። «ለጊዜው 5,000 አስገቢና እንነጋገራለን» የሚሉት ለዚህ ነው። ክፍያው ዕዳውን እንዳመንሽ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። በቁጥር 1845 መሠረት በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በመደበኛው 10 ዓመት ካለፈው በይርጋ (በጊዜ ማለፍ) ይታገዳል፤ ባለዕዳው ወለድ ወይም ከዕዳው ከፊሉን በመክፈል ዕዳውን ካመነ ግን በቁጥር 1851 መሠረት የዓመቱ ቆጠራ እንደገና ይጀምራል። ያረጀ ዕዳ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ሽማግሌዎቹ ከመጡ አክብረሽ ተቀበያቸው፣ ቡና አፍዪላቸው፣ «አባቶቼ፣ ውሉን ያሳየኝና እንነጋገር» በያቸው። ወረቀት ላይ አትፈርሚ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ክስ ሳይመጣ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። መጥሪያን ቸል ማለት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ነው። ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው በሌለበት ተፈርዶበት ንብረቱ ሊያዝ ይችላል። «አልቀበልም» ብሎ መጥሪያ መመለስም አያድንም። በር ላይ ሊለጠፍ ወይም በጋዜጣ ሊወጣ ይችላል። በኩር ጋዜጣ ላይ የሚታተሙትን የፍርድ ቤት ማስታወቂያዎች አይተሽ ይሆናል። ስንቱ ስሙ እዚያ ላይ እንደወጣ ሳያውቅ ተፈርዶበታል።

መጥሪያው እጅሽ እንደገባ ምን ዓይነት እንደሆነ አንብቢ። የብድር ክስ ብዙ ጊዜ በአጭር ሥነ ሥርዓት ይቀርባል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284ና ተከታዮቹ ይህንን ይመለከታሉ። እንዲህ ያለ መጥሪያ ከሆነ በቀጠሮው ቀን ሄዶ መቆም አይበቃም። በመጥሪያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ፣ በቃለ መሐላ የተደገፈ፣ «መከላከያ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ» የሚል ማመልከቻ ማስገባት አለብሽ። ካላስገባሽ ከሳሹ ያለው ሁሉ እንደታመነ ተቆጥሮ ሊፈረድ ይችላል። መደበኛ ክስ ከሆነም በመልስሽ ውስጥ በጥቅሉ «ክሱ ሐሰት ነው» ማለት አይበቃም። ቁጥር 83 በግልጽ ያልተካደ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል ይላል። «ፊርማው የእኔ አይደለም፣ በተጠቀሰው ቀን በቦታው አልነበርኩም፣ ምስክሮቹን አላውቃቸውም» እያልሽ ነጥብ በነጥብ ካጂ። ሳታውቂ በሌለሽበት ተፈርዶብሽ ከሆነ ደግሞ በቁጥር 78 መሠረት መፈረዱን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንዲነሳልሽ ማመልከት ትችያለሽ። ያቺ ወር ቶሎ ታልፋለች። በሌላ ሰው ዕዳ ያንቺ ንብረት ከተያዘም በቁጥር 418 መሠረት ለአፈጻጸም ችሎቱ «ንብረቱ የኔ ነው» ብለሽ መቃወሚያ ታቀርቢያለሽ።

የስልክ ብድርን በሚመለከት ባጭሩ፦ አዲስ ሲም አውጥታችሁ ለማታውቁት ሰው ዕዳ የምትጠየቁ ካላችሁ፣ ቁጥሩን ቀድሞ ሌላ ሰው ይዞት ሊሆን ይችላል። ሲሙን በስማችሁ ያወጣችሁበትን ቀን የሚያሳይ መረጃ ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቁና ለአበዳሪው አቅርቡ። በስማችሁ ሲም አውጥታችሁ ለሌላ ሰው የሰጣችሁ ደግሞ አሁኑኑ አዘጉት። መታወቂያ ኮፒ ስትሰጡም በኮፒው ላይ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብላችሁ ጉዳዩንና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ምክርም፣ የማመልከቻ ጽሑፍም ይረዱሻል። ስትሄጂ ማህተም ያረፈበትን ደብዳቤሽን፣ ያገኘሽውን የውል ኮፒ፣ የደመወዝ ደብዳቤውን ቀሪ ቅጂና የጥሪዎቹን ደብተር ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጅ የሄደ ሰው ታሪክ ሲያወራ ቀኑ ይመሻል።

የቀረው የአክስትሽ ልጅ ጉዳይ ነው። ቤቷ እንዳይፈርስ መፍራትሽን አከብራለሁ። እሷ ግን ካንቺ ይልቅ የሕግ ምክር የሚያስፈልጋት ሰው ናት። ባሏ ብድሩን የወሰደው ለትዳሩ ኑሮ ከሆነ የጋራ ንብረታቸው ሊጠየቅበት ይችላል፤ ስለዚህ እሷም የብድር ውሉን ትይ፣ ጠበቃ ታናግር። ልትረጃት ከፈለግሽ ደግሞ መንገድ አለው። የሌላ ሰውን ዕዳ ሦስተኛ ወገን ሊከፍል ይችላል፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ገንዘቡን ለደዋዩ አትስጪ፣ በስምሽም አታስገቢ። ለእሷ በእጇ ስጫት፣ እሷ በባሏ የብድር ሒሳብ ቁጥር በአበዳሪው መስኮት ታስገባው። ደረሰኙ ላይ የተበዳሪው ስምና የብድሩ ቁጥር ይጻፍ። ያንቺ ስም የትም ቦታ፣ በተለይም «ዋስ» በሚለው መስመር ላይ፣ እንዳይገባ አይታ ትፈርም።